አትክልቱ የአንተ፣ ውሃው የእርሷ

«የ46 ዓመት ሰው ነኝ። ያደግኩት ፒያሳ አካባቢ፣ ከሌሎች አምስት ቤተሰቦች ጋር ግቢ በምንጋራበት የቀበሌ ቤት ነው። በልጅነቴ የማውቀው ተክል እናቴ በጣሳ የተከለችው ጤና አዳም ብቻ ነበር። ባለቤቴ የተወለደችው ምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ተምራ አዲስ አበባ መጣች፤ ዛሬ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ከተጋባን 15 ዓመታችን ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን።

ከሦስት ዓመት በፊት ከኮንዶሚኒየም ወጥተን አያት አካባቢ ትንሽ ግቢ ያለው ቤት ገዛን። ከዚያ ወዲህ ነፍሴ አትክልት ላይ ነው። 12 ካሬ ሜትር የሚሆን መደብ አውጥቼ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና ቀይ ሥር ተክያለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን የምንበላው ጎመን ከጓሮዬ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከመደቤ አልነሣም። ይህን ደስታ ባለቤቴ እንድትጋራኝ ብዙ ሞክሬአለሁ። ለልደቷ የሚያምር የአትክልት ጓንትና መኮትኮቻ ገዛሁላት፤ ፈገግ ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ጎመን እንዴት እንደሚቀጠፍ፣ በምን ያህል ርቀት እንደሚተከል ከኢንተርኔት ያነበብኩትን ላስተምራት ስሞክር ዝም ብላ ታዳምጠኛለች። ይባስ ብላ ‹ግማሹን ግቢ ሲሚንቶ አድርግልኝ› ትለኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አበባ አውጥቶ የተበላሸ ጎመን ስነቅል ‹እሱን እንኳ ተወው› ብላኝ ነበር፤ ቦታው ስላስፈለገኝ ነቀልኩት።

በሥራ ቀናት አምሽቼ ስለምገባ ውሃ የምታጠጣው እርሷ ናት። የሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሌሊት ሲመጣም ተነሥታ በርሜሉን ትሞላለች። ባለፈው ወር ግን ሳታጠጣ ቀርታ ቃሪያዬ በሙሉ ደረቀ። ተናድጄ ተናገርኳት። እርሷም ‹እኔ እኮ የተማርኩት ከዚህ ላመልጥ ነው› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ አትክልት አናወራም። ፍቅሬን እንዴት ላጋራት?

አትክልተኛው፣ ከአያት»

ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ «አንተ» ብዬ ብጽፍልህ ቅር አይበልህ። እንደ ታላቅ እህት ልናገርህ ፈልጌ ነው፤ ታላቅ እህት ደግሞ ማባበል አይሆንላትም።

ጥያቄህ ፍቅርህን እንዴት እንደምታጋራት ነው። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው የተረዳሁት ግን ባለቤትህ ድርሻዋን መውሰድ ከጀመረች ሦስት ዓመት እንደሆናት ነው። ችግሩ የደረሳት ድርሻ ሥራው ብቻ መሆኑ ላይ ነው። አንተ ቅዳሜና እሑድ ትተክላለህ፤ እርሷ ከሰኞ እስከ ዓርብ ታጠጣለች። አንተ ቀጥፈህ ታስገባለህ፤ እርሷ ታጥባለች፣ ትከትፋለች። ጎረቤት መጥቶ ሲያደንቅ «እጅህ ይባረክ» የሚባለው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግተኝም። ይህን ስል ክፉ ባል ነህ ማለቴ አይደለም። ክፉ ባል ሚስቱ ቃሪያ ስላልወደደችለት አዝኖ ደብዳቤ አይጽፍም።

እስቲ ከውሃው እንጀምር። በአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። መደብህ 12 ካሬ ሜትር ከሆነ በቀን 50 ሊትር አካባቢ መሆኑ ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ተኩል። በአምስቱ የሥራ ቀናት ሲደመር 250 ሊትር ይሆናል። ሩብ ቶን ውሃ ከበርሜል እየተቀዳ በሰው ክንድ ወደ መደብህ ይጓዛል ማለት ነው። ያንን በርሜል የሞላችው ደግሞ ሌሊት ቧንቧው መንሿሿት ሲጀምር ከሞቀ አልጋዋ ተነሥታ ነው። ሲነጋ ልጆቹን ለትምህርት ቤት አዘጋጅታ፣ ቢሮዋ ገብታ የሰው ሒሳብ ስታመሳክር ትውላለች። በደብዳቤህ ውስጥ ይህ ሁሉ እንደ ዘበት ነው የተነሣው፤ ቃሪያው ደረቀ የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ብዕርህ ጠንከር አለ።

አሁን ያቺን ልብህን የሰበረችውን ንግግር ከዚህ ጎን አስቀምጣት።

በገጠራችን ሞፈር የሚጨብጠው ወንድ ነው፤ ጓሮው ግን የሴት ነው። ከቤቱ ኋላ፣ ፍጉና አመዱ በሚደፋበት ለም መሬት ላይ ጎመኑም፣ ዱባውም፣ ቃሪያውም፣ ድንብላሉም፣ ጌሾውም የሚያድገው በእናትና በሴት ልጆቿ እጅ ነው። ጤፍ ሲታረም ወገቧን አጥፋ የምትውለው ሴት ናት። ውሃው ከምንጭ በእንስራ፣ ኋላም በቢጫው ጀሪካን የሚመጣው በሴት ልጅ ጀርባ ነው። ወንድሟ ከብቶቹን አስገብቶ እሳት ዳር አረፍ ሲል እርሷ ገና መንገድ ላይ ናት። የቤት ሥራዋ የሚጀምረው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ በኩራዝ ብርሃን፣ ዐይኗ እየተከደነ ነው። እኔም ያደግኩት በዚሁ ዓይነት ቤት ስለሆነ ነገሩን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። ከእኔ ጋር አንደኛ ክፍል ከገቡት ሴቶች ልጆች ስምንተኛን ያዩት ጥቂት ነበሩ፤ የቀሩት የቀሩት ሰንፈው አይደለም።

ባለቤትህ ከእነዚያ ካለፉት አንዷ ናት። ፈተናውን አልፋ፣ ተምራ፣ ከተማ ገብታ፣ በስሟ ደመወዝ የሚወጣላት ሰው ሆነች። አሁን፣ ቧንቧ በገባበት በገዛ ቤቷ፣ ሌሊት ተነሥታ ውሃ ስትቀዳና ጀሪካን ይዛ ጎመን ስታጠጣ ራሷን አገኘችው። በዚህ ላይ አንድ ቀን ስለታከታት ተቆጣሃት። «የተማርኩት ከዚህ ላመልጥ ነው» ያለችህ አፈርን ንቃ ወይም የአባቷን ቀዬ ክዳ አይመስለኝም። እንዲያውም በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ራሷ የነገረችህ ትልቁ ነገር ይኸው ይመስለኛል፤ ከቁጣዋ ጋር ተደባልቆ ስለወጣ ነው ያልሰማኸው።

ለአንተ አፈር ዕረፍት ነው። ከሌሎች አምስት ቤተሰቦች ጋር አንድ ግቢ ተጋርቶ ያደገ ልጅ በ46 ዓመቱ የራሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ ሲኮተኩት ደስታው ቢያሰክረው አይፈረድበትም። እሰይ፣ ይገባሃል። ለእርሷ ግን ያው አፈር ከጨዋታ ያስቀራት፣ ክፍል ውስጥ ያስተኛት ነው። አንተ በፈቃድህ ትገባበታለህ፣ ሲደክምህ ትወጣለህ። እርሷ በልጅነቷ በፈቃዷ ገብታበት አታውቅም፤ አሁንም ከሰኞ እስከ ዓርብ በፈቃዷ አይደለም።

ይህ ነገር የአንተ ቤት ብቻ ችግር እንዳይመስልህ። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ በክረምት ችግኝ ያልተከለ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ባርኔጣ አድርጎ፣ አካፋ ይዞ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስን ለምደናል። ጥር ላይ፣ ምድር ስትሰነጣጠቅ፣ ያንን ችግኝ ሄዶ የሚያጠጣው ዘበኛ ፎቶ የለውም። መትከል ስም ያስገኛል፤ ማጽደቅ ግን የማንም ዐይን የማያየው የየዕለት ሥራ ነው። አንተ ቤት ውስጥ የምታጸድቀው ባለቤትህ ናት።

ስለ ስጦታው ደግሞ ልንገርህ፤ አትቀየመኝ። የገጠር ልጅ ለሆነች ሴት ለልደቷ መኮትኮቻ መስጠት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ጭስ እያጠናት እንጀራ ስትጋግር ለኖረች ሴት በሪባን የታሰረ ምጣድ እንደ ማበርከት ነው። ፈገግ ብላ ማስቀመጧ ትዕግሥቷን ያሳያል። ስለ ጎመን አቀጣጠፍ ያስተማርካትንም ሳስበው ሣቄ መጣ። የታችኛውን ቅጠል ወስዶ የላዩን ለጋ መተው፣ ሲበዛ ማሳሳት፣ ሥሩን ሳይነኩ መኮትኮት፣ ይህ ሁሉ እርሷ ፊደል ሳትቆጥር በፊት የምታውቀው ነው። «ዝም ብላ ታዳምጠኛለች» ብለሃል። እኔ ብሆን ዝም አልልም ነበር።

አሁን ከደብዳቤህ ሁሉ ወደ ወደድኩት ቦታ ልምጣ። አበባ ያወጣውን ጎመን ስትነቅል «እሱን እንኳ ተወው» አለችህ። አንተ እንዳለፈ ነገር ጠቀስከው፤ እኔ ግን እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የሐበሻ ጎመን ሲያብብ አልተበላሸም። ቅጠሉ መጠንከሩና መምረሩ እውነት ነው፤ ለወጥ አይሆንም። ተክሉ ግን ዋናውን ሥራውን የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። ቀንበጡ ይረዝማል፣ ፈዘዝ ያለች ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ንብ ይሰበሰብበታል። አበባው ሲረግፍ ቀጫጭን ረዣዥም ፍሬዎች ይተካሉ፤ በውስጣቸው ደቃቅ ክብ ዘር ይደረደራል። ፍሬው መድረቅ ሲጀምር፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ማለዳ ካልተሰበሰበ እየፈነዳ ዘሩ መሬት ላይ ይበተናል። ይህን የሚያውቅ ያውቃል። ተሰብስቦ፣ ጆንያ ላይ ተወቅቶ፣ ነፍሶ በቅል ወይም በጠርሙስ የሚቀመጠው የጎመን ዘር ለከርሞ ይዘራል። ከዚያ የተረፈው ይወቀጥና ምጣድ ይታሰስበታል፤ በጎመን ዘር የታሰሰ ምጣድ እንጀራን አይዝም። የእናቶቻችን ማሰሻ ጨርቅ የሚጠቁረው፣ የሚወዛውና ያንን ሽታ የሚይዘው በዚህ ነው። የጋገረች ሴት ሽታውን ከሩቅ ትለየዋለች።

እንግዲህ አንድ ተክል ፊት ለፊት ሁለት ሰው ቆማችኋል። አንተ ያለቀለት ጎመንና ባዶ የሚሆን ቦታ ታየህ። እርሷ የዓመት ዘር ታይቷት ሊሆን ይችላል። ወይም የእናቷ ጓሮ ትዝ ብሏት ይሆናል። ወይም ደግሞ ምንም ትዝታ ሳይኖርባት ቢጫው አበባ ብቻ አምሮባት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው እርሷ ናት፤ አንተም አልጠየቅሃትም። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ በነገርከኝ መጠን፣ ባለቤትህ ማንም ሳይጎተጉታት ስለ አትክልትህ የተናገረቻት በጎ ቃል ያቺ ብቻ ናት። ከነሥሯ ነቀልካት።

ምን ላድርግ ትለኝ ይሆናል። መጀመሪያ የቃሪያውን ጉዳይ ዝጋ። አንድ ነገር ላስታውስህ፤ ቃሪያ ሙቀት ወዳድ ተክል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ሰው እንኳ ጋቢ ያስደርባል። በዚያ ብርድ የተጎሳቆለ ቃሪያ ሥሩ ደካማ ስለሚሆን የበጋው ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይጠወልጋል። ስለዚህ በባለቤትህ እጅ ብቻ ሞተ ብለህ አትፍረድ። ይህን ክርክር ግን ለእርሷ አታቅርብላት። እንዲህ ብቻ በላት፦ «ቃሪያውን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ማጠጣቱም የእኔ ሥራ ነበር። አንቺን መቆጣቴ ልክ አልነበረም።» እዚያ ላይ አቁም። «ግን» የምትል ቃል ከኋላ ካስከተልክ የፊተኛውን ሁሉ ታበላሸዋለህ።

ቀጥሎ ውሃውን መልሰህ ተረከብ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ሌሊት ቧንቧው ሲንሿሿ የምትነሣው አንተ ነህ። ማታ አምሽተህ የምትገባ ከሆነ ማለዳ ከሥራ በፊት አጠጣ፤ ለተክሉም ማለዳ ይሻለዋል፣ ፀሐዩ ሳይነጥቀው ውሃው ወደ ሥሩ ይወርዳል። 12 ካሬ ሜትር በዚህ አኳኋን አይቻለኝም ካልክ እሰየው፤ ያልቻልከውን መደብ ቀንሰው። በበጋ አራት ካሬ ሜትር ብቻ አልማ። ከመደቡ ላይ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ አልብስ፤ አፈሩን ከፀሐይ ስለሚጋርደው ውሃው ቶሎ አይተንም። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስተህ፣ ቂጡን ቆርጠህ፣ ከተክሉ አጠገብ አፉን ወደ ታች ቅበረው፤ የሞላኸው ውሃ ቀስ እያለ ሥሩ ላይ ይንጠባጠባል። ሳሙና ያልነካው የአትክልት ማጠቢያ ውሃም አይደፋ፤ ለመደቡ ይሆናል።

ዋናውን ተክልህን ወደ ክረምት አዙር። ሰኔ ላይ ዝራ፤ ሐምሌና ነሐሴ ሰማይ ያጠጣልሃል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት በአንድ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 500 ሊትር ሊያቀብልህ ይችላል። አሸንዳውን አስተካክለህ ሥሩ ሮቶ ብታስቀምጥ የመስከረምና የጥቅምቱን ውሃ ከዚያ ታገኛለህ። በሁዳዴ ጊዜ የጓሮ ጎመን የሚያጓጓው ልክ ውሃ በሚጠፋበት ወቅት መሆኑ የታወቀ ነው፤ አራቱ ካሬ ሜትር ለዚያ ይበቃል፣ ካልበቃም አትክልት ተራ አለ።

ወጥ ቤቱንም አትርሳ። «በሳምንት ሦስት ቀን የምንበላው ጎመን ከጓሮዬ ነው» ብለህ ስትጽፍ ኩራትህ ይታየኛል። ከአፈር ጋር የገባ ጎመን ቅጠል በቅጠል ተገልብጦ ይታጠባል፤ ከሥሩ የተጣበቀው ቅማል ይለቀማል፤ ከዚያ ይቀቀላል፣ ይከተፋል። ካመረትከው እጠበው፣ ክተፈውም። የጭቃ ጫማህን ደግሞ በር ላይ አውልቅ።

ይህን ሁሉ ማድረግ ከጀመርክ በኋላ ዝም በል። «አየሽ፣ እኔ ነኝ የማጠጣው» እያልክ በየማታው ሪፖርት አታቅርብ። ግብዣም አታብዛ። አንድ ክረምት ሙሉ አትክልቱ የአንተ ብቻ ይሁን፤ ከነድካሙ። ሰው አንድን ነገር ሊወደው ይችል እንደሆነ የሚያውቀው ግዴታው ከላዩ ላይ ሲወርድለት ነው።

በክረምቱ መጨረሻ አንድ ጥግ ላይ ሦስት አራት ሥር ጎመን ሳትቀጥፍ ተዋቸው፤ ያብቡ። ፍሬ ሲይዙ ሄደህ «ዘሩ መቼ ነው የሚሰበሰበው?» ብለህ ጠይቃት። ለማባበል ብለህ ከሆነ ተወው፤ ነገሩን አታውቀውምና ከልብህ ለማወቅ ጠይቃት። ያለችህን ደግሞ እንዳለችህ አድርግ። ኢንተርኔቱ ሌላ ቢልም አድርግ። ምናልባት በሁለት ቃል መልሳልህ ወደ ቤት ትገባለች። ምናልባትም «እንዲያ አይደለም» ብላ ካንተ ትቀማህና ራሷ ትወቃዋለች። ሁለተኛው ከሆነ መኮትኮቻውን ከቁም ሣጥን ለማውጣት እንዳትሮጥ አደራህን።

ሌላም ነገር አለ። ጉልበት የማይጠይቁ፣ ወጥ ቤትና ቡና የሚያሳምሩ ተክሎች አሉ። ጤና አዳም አንዴ ከያዘ ብዙ ውሃ አይፈልግም። ጠጅ ሣር አንድ ጉብታ ከጎረቤት ብታመጣ በራሱ ጊዜ ይሰፋል። ኮሰረት ቅቤ ሲነጠር ያስፈልጋል፤ ከገበያ የሚገዛው ደረቁና ከጓሮ የሚቀጠፈው አንድ አይደሉም። በሶብላና ጦስኝም እንዲሁ። የትኛው እንደሚያስፈልጋት ጠይቃት፤ «ምንም» ካለች መልሱ እርሱ ነው፣ አትከራከር። ከፈለግህ ደግሞ አንድ እሑድ ልጆቹን ይዛችሁ ጉለሌ ዕጽዋት ማዕከል ሂዱ። እዚያ ማንም የሚያጠጣውን አይጠይቃችሁም፤ ዛፉን አይታችሁ፣ አየሩን ስባችሁ ትመለሳላችሁ። ተክል ሥራ ሳይሆንባት ያየችበት ጊዜ በሕይወቷ ብዙ ላይሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገህም አትክልት ላትወድ ትችላለች። ያን ጊዜ ምን ይሁን? ምንም አይሁን። ዱባና ቅል አበቃቀላቸው ለየቅል ነው። አንተ እርሷ የምትወደውን ሁሉ ትወዳለህ? ደብዳቤህን ከዳር እስከ ዳር ብፈልገው ባለቤትህ ምን እንደምትወድ የሚናገር አንድ መስመር አላገኘሁም፤ እዚያ ላይ ቆም ብለህ አስብ። በነገራችን ላይ፣ ሁለቱም አትክልት የሚወዱ ባልና ሚስት ጎረቤቶች ነበሩኝ፤ በአንድ ጽጌረዳ አገራረዝ ሳምንት ሙሉ ይኮራረፉ ነበር። በ12 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሁለት አፍቃሪ ሲበዛበት ሁልጊዜ በረከት አይደለም።

የቀረው የሲሚንቶው ጥያቄ ነው። እርሱን እንደ ስድብ ነው የቆጠርከው፤ እኔ ግን ባለቤትህ ስለ ግቢያችሁ ያቀረበችው ብቸኛ ሐሳብ ሆኖ ነው የታየኝ። ለምን እንደምትፈልገው ጠይቀሃታል? ክረምት ሲገባ ከመደብህ እስከ ሳሎን የሚሳበውን ጭቃ የሚወለውለው ማን ነው? ለዘመን መለወጫ እንግዳ ሲመጣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና የሚፈላበት ደረቅ ቦታ አላችሁ? ልጆቹስ ብስክሌት የሚነዱት የት ነው? ግማሹን ስትል መደብህን አጥፋ አላለችህም፤ ግማሹን ትታልሃለች። አንተ በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ያህሉን ተውክላት?

ስለዚህ አድርግላት። የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያበቃ እርሷ ታስምር። ሙሉ በሙሉ ከመድፈን ይልቅ እየተራራቀ የሚነጠፍ ድንጋይ ብትመርጥ የክረምቱ ውሃ መግቢያ ያገኛል፤ ግን ምርጫው የእርሷ ነው። ሲሚንቶ ይሁን ካለች ተዳፋቱ ከቤቱ መሠረት ወደ ውጭ እንዲሆን ለባለሙያው ንገረው፤ ውሃው ወደ መደብህ ቢወርድ ደግሞ አንተ ትጠቀማለህ። ሥራው ግንቦት ሳያልቅ ይለቅ፤ ሰኔ ከገባ አሸዋውም ጠጠሩም ጭቃ ውስጥ ይቀራል። የተነጠፈ ሲሚንቶ እንዳይሰነጠቅ ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። እርሱንም የምታጠጣው አንተ ነህ።